አራተኛው ገጽ

ሶዶ ውስጥ መክብብን በስሙ የምትጠራው እናቱ አሳየሽ ብቻ ነበረች። ለቀረው ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ማን እንዳላረመው ግን እሱ ራሱ ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያጠናው የዕፅዋት ሳይንስ ነው። ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ ሰማንያ ገጽ ጽፎ ተመረቀ፣ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ አጣ፣ በመጨረሻም በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ በምትገኝ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ የሚያስነጥስ ፎቶ ኮፒ ማሽን ተከለ። መጀመሪያ የገባው ደንበኛ ከወረዳ የመጣ ሰው ነበር። «ኢንጂነር የለም?» አለ። መክብብ ዞሮ ወደ ኋላው አየ። ከኋላው ግድግዳ እንጂ ሰው አልነበረም። «አቤት» አለ። ያን ቀን አቤት እንዳለ ሦስት ዓመት ሞላው።

ስሙን ያስጠራው ግን ፎቶ ኮፒው አይደለም። ፒዲኤፍን ወደ ወርድ መለወጡ ነው። ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው፤ ከላይ የሚወርደው ቅጽ፣ መመሪያና ዕቅድ ሁሉ ፒዲኤፍ ሆኖ ይወርዳል። ፒዲኤፍ ማለት ደግሞ ታያለህ እንጂ አትነካም፤ የሰው ሚስት ነው። የመሥሪያ ቤት ሰዎች በፍላሽ ይዘውት ይመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኢንጂነር፣ ይቺን ክፈትልንና ዓመተ ምሕረቷን ብቻ እንነካካት» ይሉታል። መክብብ ይከፍትላቸዋል። የአምናው ዕቅድ የዘንድሮ ሆኖ ይወጣል። ችግሮቹ እንዳሉ ናቸው፤ የመፍትሔ አቅጣጫዎቹም እንዳሉ ናቸው፤ ቀኑ ብቻ አዲስ ነው። ለዚህ ውለታው «ሞዴል ኢንተርፕራይዝ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት በፕላስቲክ ለብጦ ሰቅሎታል።

የሥራው ምስጢር አንድ ነፃ ድረ ገጽ ነበር። ፋይሉን ትሰቅልለታለህ፣ ብርቱካናማዋን ቁልፍ ትጫናለህ፣ አንድ ክብ ነገር ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ወርድ ሆኖ ይወርድልሃል። የአምስት ዓመት ልጅ ብታስጠጋው ያደርገዋል። መክብብም ይህንን ስለሚያውቅ ነው ማንንም የማያስጠጋው። የኮምፒዩተሩን ፊት ወደ ግድግዳ አዙሮ በመካከል መጋረጃ አንጠልጥሏል። ክቡ ነገር ሲዞር እሱ ዝም ብሎ ኪቦርዱን ይደበድባል። አንዳንዴ ሥራው በሁለት ደቂቃ ያልቅና ግማሽ ሰዓት ያህል የእግር ኳስ ዜና አንብቦ፣ ግንባሩን በመሀረብ እየጠረገ ይወጣል። «ቁልፉ ከባድ ነበር፤ ሰበርኩት» ይላል። ሰውም «ጎበዝ ነው እኮ፣ ሌላ አገር ቢሆን የት በደረሰ» እያለ ይሄዳል። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። መክብብ በዚህ በኩል ከጅቡ ይብሳል፤ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው በተወለደበት ሰፈር ነው።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ማምሻውን መምህር ባዳቾ ጩማ አረፉ።

መምህር ባዳቾ ግማሹን ሶዶ ያስተማሩ ሰው ናቸው። መክብብንም አስተምረውታል። ድርሰት ሲያርሙ ስህተት ባያገኙ እንኳ ከግርጌው «መልሰህ አንብብ» ብለው ይጽፉ ነበር፤ መልሶ ያላነበበ ተማሪ በምን እንደሚታወቃቸው እግዜር ይወቅ። ቀብሩ ለእሑድ ዘጠኝ ሰዓት ተቀጠረ። ታላቁ ልጃቸው እስራኤል አዲስ አበባ ስለሆነ ሌሊቱን ከእናቱ ጋር በስልክ እየተነጋገረ የአባቱን የሕይወት ታሪክ ጻፈ፣ ጎሕ ሲቀድ በኢሜይል ለመክብብ ላከ፣ መኪና ውስጥ ገባ።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቶማ መክብብ ሱቅ ደረሱ። በቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸው ያለ ማጉያ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እስከ አስፋልቱ ይሰማል። እስራኤል በስልክ ጥቂት ሲያነብላቸው አንድ ነገር ቆርቁሯቸዋል። ልጁ አባቱ ማስተማር የጀመሩት አረካ ነው ብሎ ጽፏል፤ እውነቱ ግን ጉኑኖ ነው። ከጉኑኖ ሁለት አውቶብስ ሙሉ ለቀስተኛ እየመጣ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አረካ ብሎ ማንበብ ለቅሶውን ወደ ወሰን ክርክር መለወጥ ነው። መክብብ ፋይሉን ከፍቶ የመጀመሪያውን ገጽ አሳያቸው፤ እውነትም አረካ ይላል። ፒዲኤፍ ነው። እስራኤል ጋ ቢደውሉ መንገድ ላይ ነው፣ ስልኩ አይሠራም።

ጋሽ ቶማ ሰዓታቸውን አዩ። «ይቻልሃል?»

«ለእኔ?» አለ መክብብ። ይህቺን ቃል ኋላ ብዙ ጊዜ አስታወሳት።

እሳቸው ድንኳኑን ሊያስተክሉ ሄዱ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሯል፤ እሑድ ከሄደ ደግሞ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። መክብብ ፋይሉን ሰቀለ። ድረ ገጹ አናት ላይ ብጫ ነገር ብቅ አለ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። ማስታወቂያ መሰለውና እንደ ወትሮው ዘጋው። ክቡ ዞረ። ወርዱ ወረደ። አረካን አጥፍቶ ጉኑኖ ጻፈ፣ አተመ፣ በሁለት ስቴፕል ያዘ፣ ለጋሽ ቶማ በባጃጅ ላከ። ከመጀመሪያው ገጽ በስተቀር አንዱንም አላነበበም። መብራቱም፣ ይግረምህ ብሎ፣ እስከ ማታ ሳይሄድ ዋለ።

አሁን ስለ ፋና ማወቅ ያስፈልጋል። መምህር ባዳቾ እትዬ ሳህሊቱን ከማግባታቸው በፊት ገሱባ ሲያስተምሩ ከወይዘሮ ቦሼ የወለዷት ልጅ አለች። አድጋ እንደ አባቷ አስተማሪ ሆናለች። አባቷን በየበዓሉ ትጠይቅ ነበር፣ ግን ከቤታቸው ማዶ ካለው ሱቅ ፊት እንጂ ከቤት ገብታ አታውቅም። እትዬ ሳህሊቱ ባሉበት ስሟ አይነሳም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከተማው በሙሉ ያውቃታል፣ ማንም ጮክ ብሎ ተናግሯት አያውቅም። ያቺን ሌሊት ግን እስራኤል እናቱን በስልክ እስከ ንጋት ሲለምን አድሮ እሺ አሰኛቸው። ወዲያው ለእህቱ ደወለ። «ነይ፣ ስምሽ ይነበባል» አላት። ፋናም የእናቷን ዘመዶች አርባ ያህል ሰው በአይሱዙ አሳፍራ ገሱባን ለቀቀች። ሰዎቹ የመጡት ሊያለቅሱ ነው፤ ከልቅሶው በላይ ግን ሊሰሙ ነው።

ይህንን ሁሉ መክብብ በዚያ ሰዓት አያውቅም። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከመካነ መቃብሩ አጠገብ፣ «ሥራዬን ሠራሁ» በሚል ሰው አቋቋም ቆሟል።

ጋሽ ቶማ ጉኑኖ ላይ ሲደርሱ ከወዲያ በኩል ያሉት ለቀስተኞች በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛው ገጽ አለፈ። ሦስተኛው ላይ፣ «መምህር ባዳቾ የስድስት ልጆች አባት ሲሆኑ» ሲሉ ሕዝቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቀና አለ። ስድስት። አገር የሚያውቀው አምስት ነው፤ ስድስተኛዋን ደግሞ አገር ሁሉ ያውቃል። ከገሱባ የመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ቀረቡ። «እነርሱም እስራኤል ባዳቾ» አሉ ጋሽ ቶማ፤ ሰው አንድ ጣቱን አጠፈ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስተኛው ሲጠራ አንድ እጅ ሙሉ ጭብጥ ሆነ፤ የሌላው እጅ አውራ ጣት ተራዋን ትጠብቅ ጀመር።

ጋሽ ቶማ ግን ወረቀቱን ገለበጡ። ጀርባው ነጭ ነበር። እንደገና ከፊት አዩት። ከአምስተኛው ስም ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ አለ፤ ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ ወረቀቱ አልቋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን» አሉ፣ ወረዱ።

አውራ ጣቶቹ ሁሉ እንደቆሙ ቀሩ።

ፋና አላለቀሰችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስታ ራሷ ላይ አደረገች፣ አፈር እስኪመለስ ጠበቀች፣ ዘመዶቿን ይዛ ወደ አይሱዙው ሄደች። ድንኳን አልገባችም። እስራኤል ተከትሏት ሲሮጥ አንድ አጎቷ በሩን ዘጉበትና፣ «ይህንን ልታሰማን ነው የጠራኸን?» አሉት።

እስራኤል ተመልሶ በቀጥታ መክብብ ላይ መጣ። ወረቀቱን ማን ነካው አለው። መክብብ የሆነው ነገር ገና አልገባውም፤ የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስድስት አይኖች፣ አስር አይኖች፣ ሃያ አይኖች እያዩት ነው፤ ኢንጂነር ነው፤ ኢንጂነር ደግሞ «አላውቅም» አይልም።

«ቫይረስ ነው» አለ።

«ምን?»

«ቫይረስ። ፋይሉን በልቶት ነው።»

ሽማግሌ አሮጊቱ ሁሉ ዞሮ አየው። ከኋላ አንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «ለይቶ?» አለ።

ሱቁ ገብቶ መጋረጃውን ጋረደና የመጀመሪያውን ፋይል ከፈተ። አራት ገጽ ነው። የራሱን ከፈተ፤ ሦስት። ድረ ገጹን ከፈተ፤ ብጫዋ ነገር ብቅ አለች። አሁን አነበባት። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በነፃ ለሚገለገል ሰው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች ብቻ ይለወጡለታል ትላለች፤ ለቀረው ክፈል ትላለች። አራተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አለ፤ «በመጨረሻም፣ የበኩር ልጃቸው ወይዘሮ ፋና ባዳቾ ናቸው»። ከዚያ ምስጋና ነው። ጠቅላላ ገጹ ስድስት መስመር አይሞላም። መክብብ ስድስቱን መስመር እያየ፣ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ፣ በቀይ እስክሪብቶ «መልሰህ አንብብ» የሚል ጽሑፍ ከግርጌው የሚያይ መሰለው።

ሰኞ ዕለት ነገሩ ከተማውን ሞልቶት አደረ። በሰው አስተያየት ጥፋተኛዋ እትዬ ሳህሊቱ ናቸው፤ መክብብ ቢላዋው ነው፣ እጁ የእሳቸው ነው። ባጃጅ ሹፌሮቹ «ቫይረሱ ለሳህሊቱ በእናት በኩል ይዛመዳቸዋል» ይባባላሉ። ሳህሊቱ ባላቸው ሬሳ ላይ እንኳ ቂማቸውን ያልረሱ ሴት ተብለዋል። አሳየሽ ከለቅሶ ቤት ተመልሳ የልጇን ፊት ሳታይ ነገረችው። ሐዘንተኛዋ አግዳሚ ላይ ከግራም ከቀኝም ሰው አልተቀመጠም፤ ሴቶቹ ራቅ ራቅ ብለው ነው የተቀመጡት። ምግብ አልቀመሱም። «እኔ አላስወጣኋትም» ብለዋል አንድ ጊዜ።

«መክብብ፣» አለች እናቱ፣ «እሳቸው ነግረውህ ነው?»

አይደለም አለ። ታዲያ ምን ሆኖ ነው አለችው። አፉን ከፈተ፣ እናቱ ግድግዳው ላይ ያለውን የምስክር ወረቀት በየሳምንቱ እየመጣች እንደምትወለውል ትዝ አለውና አፉን ዘጋ።

ይበልጥ ያሳፈረው ግን ሥራ መብዛቱ ነው። አንድ ከረባት ያደረገ ሰው መጋረጃውን ገልጦ ራሱን አስገባ። «ሳሮ፣ ኢንጂነር» ብሎ በወላይትኛ ሰላም አለው፤ ደህንነቱን ጠየቀ፣ የእናቱን ደህንነት ጠየቀ፣ ከዚያ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የአባቱ የይዞታ ወረቀት ነው።

«እዚህ የወንድሜ ስም አለች» አለ። «ያንተ ቫይረስ ይህችን አይበላም?»

መክብብ ሳቀ፤ ሰውዬው አልሳቀም። አይሆንም አለው። ሰውዬው ወረቀቱን ተቀይሞ አጠፈ። «ለሳህሊቱ ሲሆን ይሆናል» አለና ወጣ። ከእሱ በኋላ በዚያው ቀን ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንዱ ከእድር መዝገብ፣ ሌላዋ ከጋብቻ ወረቀት ስም ማስበላት የፈለጉ። ከሰዓት በኋላ መክብብ ሱቁን ቆልፎ የገሱባ ሚኒባስ ላይ ተሳፈረ። ለፋና ለብቻዋ ቢነግራት ነገሩ በዝምታ የሚያልቅ መስሎታል። መንገድ ላይ ሦስት ዓይነት ይቅርታ አዘጋጀ፤ ሦስቱም ውስጥ «ሲስተም» የሚል ቃል ነበረበት።

ፋናን በእናቷ ቤት ከጎረቤቶች ጋር ሰሌን ላይ ተቀምጣ አገኛት። ስታየው ተነሳችና ከጓሮ ወደ እንሰቱ ወሰደችው። የተዘጋጁት ሦስቱ ይቅርታዎች እዚያ ሲደርስ ጠፉበት። ስለ ድረ ገጹ ነገራት፣ ስለ ብርቱካናማዋ ቁልፍ፣ ስለ ብጫዋ ነገር፣ ስለ መጋረጃው። ወንድሟ ስሟን እንደጻፈ፣ እትዬ ሳህሊቱ እጃቸው እንደሌለበት ነገራት። «ኢንጂነርም አይደለሁም፤ የተማርኩት የዕፅዋት ሳይንስ ነው» አለ በመጨረሻ። ይህንን ጮክ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

ፋና ጣቷን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ወደተዘረረ አንድ እንሰት ቀሰረች።

«እና ይሄ ምን ሆኖ ነው የሚደርቀው?»

መክብብ ጎንበስ ብሎ ግንዱን አየ። አጠውልግ ነው አላት። ይነቀል፣ በጥልቅ ይቀበር፣ ቆርጠው የነኩበት ቢላዋ በእሳት ሳያልፍ ሌላውን እንዳይነካ፤ በሽታው የሚተላለፈው በቢላዋ ነው። መልሱ እንዴት እንደቀለለው ገረመው። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሳያፍር የተናገረው ነገር አልነበረም።

«ይሄን ታውቃለህ» አለች ፋና። ቀጥላ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «ለእኔ መንገርህ ምን ያደርጋል? እኔ ስሜን አላጣሁትም። የጠፋው እዚያ ነው፣ ሰው ሁሉ ጣቱን በቆጠረበት። እዚያ ካልተገኘ እዚህ ብትሰጠኝ ምን አደርገዋለሁ?»

ነገ ሠልስት ነው አላት። አውቃለሁ አለች። ትመጫለሽ ብሎ መጠየቅ አልቻለም።

ማክሰኞ ጠዋት አራተኛውን ገጽ ከራሱ ከፒዲኤፉ አተመ፤ ሳይለውጥ፣ እንዳለ። አጥፎ ኪሱ ከተተና ከጸሎቱ መልስ ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ ቶማ ጆሮ ስር ሄዶ፣ ይህቺን በጨዋ ደንብ ቢያነቡልን አላቸው። እሳቸው አነበቧት። ለምን ቀረች ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበል አሉት። «መልሱን አንተ ተናገር» ብለው ወረቀቱን መለሱለት፣ ተነስተውም አንድ ሰው ሊናገር ነው ብለው ሕዝቡን ዝም አሰኙ። ንፍሮ የያዘ እጅ ሁሉ ቆመ። መክብብ ከድንኳኑ መግቢያ ምሰሶ አጠገብ አንዲት ሴት ቆማ አየ። ነጠላዋ ራሷ ላይ ነው።

«በቅድሚያ» አለ መክብብ፣ «በዕለቱ የታየውን ክፍተት በተመለከተ፣ ካለብን የአቅም ውስንነት...»

«ልጄ» አሉ ጋሽ ቶማ፣ «ይሄ ግምገማ አይደለም፣ ለቅሶ ነው። በሰው አፍ ተናገር።»

በሰው አፍ ተናገረ። ቫይረስ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ተናገረ። ፒዲኤፍ መስበር የሚባል ሙያ እንደሌለው፣ አንድ ነፃ ድረ ገጽ እንዳለ፣ እሱ ቁልፍ እንደሚጫንና መጋረጃ ውስጥ ኳስ እንደሚያነብ ተናገረ። ድረ ገጹ ሦስት ገጽ ብቻ እንደሚሰጥ ነግሮት እንደነበር፣ እሱ ሳያነብ እንደዘጋው፣ ከታተመ በኋላም መልሶ እንዳላነበበ ተናገረ። እትዬ ሳህሊቱ አንድ ቃል እንዳላዘዙት ተናገረ። መጀመሪያ ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው። ከመሥሪያ ቤት የመጡት ሰዎች ግን አልሳቁም፤ ሦስት ዓመት ዕቅዳቸውን ያወጡት በዚያች ብርቱካናማ ቁልፍ ነውና ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አሳየሽ በሴቶቹ በኩል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። መክብብ መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠው ይመኝ ነበር፤ የሶዶ መሬት ግን ጠንካራ ነው።

እትዬ ሳህሊቱ ከአግዳሚያቸው አልተነሱም። ሰው ሁሉ የሚረግሙት መስሎት ጠበቀ።

«ስንተኛው ገጽ ላይ ነበረች አልከኝ?»

«አራተኛው ላይ፣ እትዬ።»

«የበኩር ልጅ፣ ምን ትሠራለች አራተኛው ላይ?»

መክብብ አያውቅም። እስራኤልን አየ። እስራኤል አንገቱን ደፍቷል።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ሳህሊቱ። «በዕድሜዋ ቢጽፋት መጀመሪያ ነበር የምትጠራው። ልጄ ሌሊቱን ሲለምነኝ አድሮ፣ እሺ ትጻፍ፣ ግን ከሁሉም ኋላ ትሁን አልኩት። ይሄ ልጅ ሰነፍ ነው፤ ማሽኑም ሦስት ቆጥሮ አቆመ። አራተኛው ላይ ያስቀመጥኳት ግን እኔ ነኝ።» እጃቸውን ዘረጉ። «አምጣው።»

ወረቀቱን ሰጣቸው። እስራኤል የአባቱን መነጽር ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው፤ አንድ እግሩ በክር የታሰረ ነው። እትዬ ሳህሊቱ ለአፍንጫቸው ሰፍቷቸው በአንድ እጅ እየደገፉ አነበቡ። እንደ ጋሽ ቶማ ድምፅ የላቸውም፤ የኋለኛው ሰው ለመስማት ወደ ፊት ዘመመ። «የበኩር ልጃቸው ወይዘሮ ፋና ባዳቾ ናቸው» አሉ። አልበቃቸውም መሰለኝ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለውን «የቦሼ ልጅ» ጨመሩ።

ጣቱን ያጠፈ ሰው ይኑር አይኑር መክብብ አላየም፤ ቀና ማለት አልቻለም። የሰማው ከሴቶቹ በኩል አግዳሚ ሲንቋቀቅ ነው። ሰዎች ጠጋ ጠጋ እያሉ ለአንድ ሰው ቦታ እየለቀቁ ነበር፤ ከእትዬ ሳህሊቱ አጠገብ፣ ሁለት ቀን ባዶ በዋለው በኩል።

ከዚያ ወዲህ መክብብ መጋረጃውን አውርዷል፣ የኮምፒዩተሩንም ፊት ወደ ደንበኛው አዙሯል። ክቡ ነገር ሲዞር ደንበኛና እሱ አብረው ያዩታል፤ ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው። «ይኸው ነው?» ይሉታል። «ይኸው ነው» ይላል። ኢንጂነር ማለታቸውንም አልተዉም፤ አሁን ግን ሲጠሩት ፈገግ ይላሉ። የልብ ወዳጆቹ ደግሞ «ሦስት ገጽ» ብለውታል፣ ይሄኛውን የሚያጠፋ ድረ ገጽ አልተገኘም። የምስክር ወረቀቱ እንደተሰቀለ ነው፤ አሳየሽ ግን መወልወሉን ትታለች፤ አቧራ ይዟል። እሱም ቀና ብሎ ባየው ቁጥር ሊያወርደው ያስብና፣ የሚያወርድበት ምክንያት ሲጠየቅ የሚመልሰው ያሳፍረውና ይተወዋል።

ለአርባው ሦስት ቀን ሲቀረው ፋና ከገሱባ መጣች። እስራኤል ጽሑፉን እንደገና አሰናድቶ በፍላሽ ልኮላት ነበር። የታመመውን እንሰት ነቅላ እንደቀበረችው ነገረችው፤ አጠገቡ ያለው እስካሁን ደህና ነው። ከዚያ ጠረጴዛው ፊት ቆማ ማተሚያው ወረቀቶቹን ሲተፋ ተመለከተች። አንስታ፣ አውራ ጣቷን በምላሷ አርጥባ፣ ድምፅ እያሰማች መቁጠር ጀመረች። «አንድ። ሁለት። ሦስት።» እዚህ ላይ ቆም ብላ ቀና አለችና አየችው። መክብብ ጆሮው ድረስ ጋለ።

«አራት» አለች።

ወረቀቶቹን ስቴፕል አደረገላትና ሊያጥፋቸው ሲል እጇን ጣል አደረገችበት። ከበር ላይ ሁለት ደንበኞች ተራ እየጠበቁ ነው፤ አንደኛው ያ ከረባት ያደረገው ሰውዬ ነው።

«አንብበው» አለች ፋና። «ከመጀመሪያው። ጮክ ብለህ።»

መክብብ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ።